ትኬቱ የተገዛበት ካርድ ቢዘጋ መብረር ይቻላል?

አዎ፣ ይቻላል። መልሱን ከፊት ያስቀመጥነው ነገ በረራ ያላችሁ ሰዎች ይህን በድንጋጤ ልታነቡት እንደምትችሉ ስለገመትን ነው። ካርዱ ስለተዘጋ ብቻ ትኬቱ አይሰረዝም። ችግሩ የሚመጣው አየር ማረፊያ ደርሳችሁ «የተከፈለበትን ካርድ አሳዩን» የተባላችሁ እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ የሚፈታ ነገር ነው።

እንዲህ እንበል። ልጅቱ ነፋስ መውጫ ናት። ወንድሟ አሜሪካ ሆኖ ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ አድርጎ ዋሽንግተን የሚያደርሳትን ትኬት በክሬዲት ካርዱ ቆረጠላት። ከሁለት ወር በኋላ ባንኩ ካርዱ ላይ የሚያጠራጥር ነገር አይቶ ዘጋውና ሌላ ቁጥር ያለው አዲስ ካርድ ላከለት። እሱም አሮጌውን በመቀስ ቆራርጦ ጣለው። ለእህቱ አልነገራትም፤ ካርዱና ጉዞዋ ይገናኛሉ ብሎስ መቼ አሰበ?

ገንዘቡ ድሮ ተከፍሏል። ባንኩ ክፍያውን የፈቀደው ትኬቱ በተገዛበት ሰዓት ነው፤ ሒሳቡም በቀናት ውስጥ ለአየር መንገዱ ገቢ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ካርዱ ቢዘጋ፣ ቢጠፋ፣ ጊዜው ቢያልፍ ለትኬቱ ለውጥ የለውም። የወረቀት ትኬት እ.ኤ.አ. በ2008 ከቀረ ወዲህ ትኬት ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ይህን ቁጥር ከተላከላችሁ ኢሜይል ላይ ፈልጉት። ካገኛችሁት ትኬቱ ተቆርጧል። በእጃችሁ ያለው ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቦታ ማስያዣ ኮድ ብቻ ከሆነ ግን ጠይቁ፤ ቦታ ተይዞ ክፍያው ሳያልቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሃል ካርዱ ከተዘጋ ክፍያው አያልፍም፣ ቦታውም ይለቀቃል።

ታዲያ ካርዱን ለምን ይጠይቃሉ? በተሰረቀ ካርድ ትኬት የሚገዛ ስላለ ነው። የካርዱ ባለቤት «እኔ አልገዛሁም» ብሎ ለባንኩ ሲያመለክት ባንኩ ገንዘቡን ከአየር መንገዱ መልሶ ይወስዳል። ተሳፋሪው ግን በርሮ ሄዷል። ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ከአየር መንገዶችና ከካርድ ኩባንያዎች ጋር ሆኖ አየር ማረፊያ ላይ እነዚህን ትኬቶች የሚያድንባቸው የዘመቻ ቀናት አሉት። ቴሌግራም ላይ «በግማሽ ዋጋ ትኬት እንቆርጣለን» የሚሉ ሰዎችን ስታዩ ይህ ትዝ ይበላችሁ። እናንተ ብሩን በሐቅ ከፍላችሁ ትኬቱ የተገዛው በማታውቁት ሰው ካርድ ቢሆን፣ ባንኮኒው ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ጥያቄው ለሁሉም ሰው አይመጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድን፣ ኳታርን፣ ሲንጋፖርን ጨምሮ ብዙ አየር መንገዶች በኢንተርኔት የተከፈለበትን ካርድ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በተለይ ከፋዩና ተጓዡ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ። እዚህ ላይ የእኛ አገር የስም አጠራር የራሱን ግራ መጋባት ይጨምራል። ወንድምና እህት የአያታቸው ስም አንድ ስለሆነ ፓስፖርታቸው ላይ ዝምድናቸው ይታያል። ባልና ሚስት ግን በስም አይገናኙም። ባሏ የከፈለላት ሴት ለውጭ አገር ሠራተኛ ባዳ ከፋይ ያላት ትመስላለች። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ፎቶ ስልክ ላይ ቢኖር አይከፋም።

ለገልፍ ሥራ በኤጀንሲ የምትሄዱ ደግሞ፣ በሕጉ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን የሚችለው አሠሪው ነው። ስለዚህ ካርዱን አይታችሁት አታውቁም፣ አታዩትምም። የትኬት ቁጥሩን፣ ማን እንደከፈለና ብትጠየቁ ለማን እንደምትደውሉ ኤጀንሲውን ጠይቃችሁ ያዙ። «እዚያው ስትደርሺ ይነገርሻል» መልስ አይደለም።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ሥራው የወንድሟ ነው፤ የካርዱ ባለቤት እሱ ነውና። ቢቻል ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አየር መንገዱን ያናግር። ካርዱ መዘጋቱን ይንገራቸው፣ ከፋይነቱ እንዲረጋገጥና ማረጋገጫው ከትኬቱ መረጃ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ሁሉም አየር መንገድ አንድ ዓይነት ወረቀት አይፈልግም፤ ግን ክፍያው የሚታይበት የባንክ መግለጫ፣ የመታወቂያው ቅጂ፣ ባንኩ ካርዱን እንደቀየረው የሚገልጽ ደብዳቤና አዲሱ ካርድ ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይቃናል። ያናገረውን ሰው ስምና ቀኑን ይመዝግብ። በስልኩ አፕል ፔይ ከፍሎ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ከፕላስቲኩ ካርድ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ያንንም ቀድሞ ቢናገር ይሻላል።

አደራ፣ የካርድ ፎቶ ከፊትም ከኋላም አንስታችሁ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ አትላላኩ። የፊቱ ከመሃል ቁጥሮቹ ተሸፍነው የመጨረሻዎቹ አራት ቢታዩ ይበቃል። ከኋላ ያለችው የሦስት አሃዝ ቁጥር ለማንም አትሰጥም።

ከሁሉም የከፋው ግን ሌላ ነው። ካርዱ የተዘጋው በስርቆት ጥርጣሬ ከሆነ ባንኩ ወንድምየውን «ከእነዚህ ክፍያዎች ያንተ ያልሆነው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም ተጣድፎ ወይም የድርጅቱን ስም ሳያውቀው ቀርቶ ትኬቱንም «የኔ አይደለም» ካለ፣ ገንዘቡ ከአየር መንገዱ ይነሳል፤ ትኬቱም ሊሰረዝ ይችላል። ካርድህ ተዘጋ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ «ትኬቱንስ ክደኸዋል?» ብላችሁም ጠይቁ። ጥያቄው ይከብዳል፣ ግን ወጪውን አስቡት። ከወገዳ የተነሳ ሰው አርብ ገበያንና ነፋስ መውጫን አልፎ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ዞሮ ነው ባሕር ዳር የሚገባው። ወይም በጋሸና አድርጎ ላሊበላ። መንገድ የተዘጋ ዕለት ደግሞ ቀኑን ማን ያውቃል። ከመካነ ኢየሱስ የሚነሳውም ቢሆን ባሕር ዳር ደርሶ «ተሰርዟል» ቢባል፣ የመመለሻውንና የአልጋውን ብር ከየት ያመጣል?

ባንኮኒው ላይ ድንገት ከተጠየቃችሁ አትጨቃጨቁ። ኃላፊውን አስጠሩ፣ ያላችሁን ወረቀት አሳዩ፣ ከፋዩን በስልክ አገናኙ። አንዳንድ አየር መንገድ በሌላ መንገድ ዳግም አስከፍሎ የመጀመሪያውን ይመልሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዋጋው የዕለቱ እንደሆነና የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ።

የሚመለስ ብር ካለ የሚሄደው ወደተከፈለበት ካርድ ነው፣ ወደ ተጓዡ እጅ አይደለም። ካርዱ ተቀይሮ ሒሳቡ ያለ ከሆነ ባንኩ ወደ አዲሱ ያዞረዋል። ሒሳቡ ከነጭራሹ ከተዘጋ ባለቤቱ ባንኩን መከታተል አለበት፤ ጊዜም ይወስዳል። ገንዘቡን ለወንድማቸው በእቁብ የመለሱ ሰዎች ይህን ቀድመው ቢነጋገሩ ጥሩ ነው።

በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንኪንግ ለተከፈለ የአገር ውስጥ በረራ አሳዩን የሚባል ካርድ የለም፤ መታወቂያና የትኬት ቁጥር ያዙ።

ሰዓቱንም አትርሱ። ባሕር ዳር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና እኩለ ሌሊት ነው፤ በበጋቸው ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ወንድም ጋሼ በዚያች ሌሊት ስልኩን ድምፅ ላይ አድርጎ ይተኛ።