ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሦስት ላፕቶፖች

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የአንድ ላፕቶፕ ጠጋኝ ዕዳ ስላለብኝ ነው። የልጁንም የሱቁንም ስም አልጠራም። ታሪኩ ግን ከእሱ ሱቅ ስለሚጀምር እኔም ከዚያው ልነሳ።

ጊዜው 2002 ዓ.ም. ነው። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ላፕቶፕ ነበረኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ማታ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ቀረ። መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ቦሌ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ፈታትቶ አየውና «የቪዲዮ ቺፑ ነው። እናሞቀዋለን፤ ከሠራ ሠራ» አለኝ። በ800 ብር ተስማማን።

ከአምስት ቀን በኋላ ሄጄ ተቀበልኩት። ቤት ደርሼ ስከፍተው የማላውቃቸው ሙሽሮች ስክሪኑ ላይ ሆነው ፈገግ ብለው ያዩኛል። የሌላ ሰው ላፕቶፕ ነው! እየተናደድኩ ተመለስኩ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንድ ዓይነት ሆነው ተምታቱብኝ» አለኝ ወደ ጠረጴዛው እያሳየኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔን ጨምሮ ሦስት ላፕቶፖች፣ ሦስቱም አንድ ሞዴል፣ ሦስቱም ሆዳቸው ተከፍቶ የገቡ። የራሴን ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ሠራና መልሶ ጨለመ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍረኛል። «ዕቃዬን ቀይሮብኛል» ብዬ ደመደምኩ። አንዴ ላፕቶፑን ያምታታ ሰው የውስጡን ዕቃ ለመቀየር ምን ይመልሰዋል? ሁለት ጓደኞቼን አስከትዬ ሄድኩና ሱቁ ውስጥ ሰው እየሰማ ሌባ አልኩት። ልጁ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ «ወንድሜ፣ ይሄ ማሽን ከፋብሪካው ታሞ ነው የመጣው» አለኝ። ሲያመልጥ ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ያኔ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ሌላ ነበር። በዚያች ጠባብ ሱቅ፣ በአንድ ሳምንት፣ ሦስት አንድ ዓይነት ላፕቶፖች ለምን ተገናኙ? መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ የኮምፒውተር ኩባንያዎችን ታሪክ ሳነብ ነው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላፕቶፕ ርካሽ ሆኖ ወደ እያንዳንዱ ቤት ሲገባ፣ የሚሸጠው፣ ስልክ የሚያነሳውና የሚጠግነው ሰው ቀስ በቀስ ተለያዩ። ዴል በ2001 ህንድ ባንጋሎር ላይ የደንበኞች ጥሪ ማዕከል ከፈተ። በ2003 መጨረሻ ቅሬታው ሲበዛበት የተወሰኑ ጥሪዎችን ወደ አሜሪካ መለሰ። የትኞቹን? ኦፕቲፕሌክስና ላቲቲዩድ የተባሉትን፣ ማለትም በብዛት ድርጅቶች የሚገዟቸውን። አንድ ላፕቶፕ ለቤቱ የገዛው ሰው ወረፋው ባለበት ቀጠለ።

ቶሺባ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። ጋዜጠኛው ቶማስ ፍሪድማን በ2005 ባወጣው «ዘ ወርልድ ኢዝ ፍላት» መጽሐፉ እንደሚያሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ የቶሺባ ላፕቶፕ የተበላሸበት ሰው ወደ ቶሺባ ሲደውል ዕቃውን የሚወስደው ዩፒኤስ ነው፤ የመልእክት ማመላለሻው ድርጅት። ላፕቶፑ ወደ ቶሺባ አይሄድም። ሉዊቪል ኬንታኪ በሚገኘው የዩፒኤስ ጣቢያ የዩፒኤስ ሠራተኞች ራሳቸው ጠግነው ይመልሱታል። ፍትሐዊ ልሁን፣ ይህ አሠራር ጥገናውን አፍጥኖታል። ግን ደንበኛው «ምን ነበር የሆነው?» ብሎ ቢጠይቅ ስልክ ያነሳው ሰው ላፕቶፑን በዓይኑ አላየውም፤ ያየው ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም።

የዚያን ዘመን ብስጭት በዓለም ፊት ያወጣው ጄፍ ጃርቪስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። በ2005 የዴል ላፕቶፕ ገዛ፤ ቢበላሽ ቤቱ ድረስ መጥተው እንዲጠግኑለትም ተጨማሪ ከፈለ። ሲበላሽ ግን ቴክኒሽያኑ ቢመጣም መለዋወጫ ይዞ እንደማይመጣ፣ ስለዚህ ላፕቶፑን መላክ እንዳለበት ተነገረው። ንዴቱን ብሎጉ ላይ ጻፈ። እንደ እሱ የተቃጠሉ ሰዎች በብዛት መጥተው የየራሳቸውን ጨመሩበት፤ ነገሩም «የዴል ሲኦል» የሚል ስም ወጣለት። በመጨረሻ ለአንድ ከፍተኛ ኃላፊ ጽፎ ገንዘቡ ተመለሰለት። ብዙዎች ይህን ታሪክ የብሎግ ድል አድርገው ይተርኩታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሰውዬው ብዕርም ተከታይም ያለው ጋዜጠኛ ሆኖ እንኳ የተደመጠው ስልክ የሚያነሱትን ሁሉ አልፎ ኃላፊው ዘንድ ሲደርስ ነው።

ስልክ የሚያነሱት ሰዎች ክፉ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ብዙ ጊዜ አያውቁም፤ አንዳንዴም የሚያውቁትን እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነገር ቢሆንም እዚህ ካልገባ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ዴል ከግንቦት 2003 እስከ ሐምሌ 2005 ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮችን ሸጠ። ማዘርቦርዳቸው ላይ የነበሩት ካፓሲተሮች፣ እነዚያ ቆመው የሚታዩ ትናንሽ በርሜሎች፣ እያበጡና እያፈሰሱ ማሽኑን ይገድሉት ነበር። በ2007 አንድ የሰሜን ካሮላይና ድርጅት ከሰሰ። በ2010 የፍርድ ቤቱ ሰነዶች ሲከፈቱ ኒውዮርክ ታይምስ አተማቸው። ሠራተኞች ችግሩን ቀድመው አንስተው ለደንበኛ እንዳይናገሩና ነገሩ ገና እንዳልለየለት አድርገው እንዲያቀርቡ የሚመክሩ መልእክቶች ውስጡ ተገኙ። በዚያው ዘገባ ያለውን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ስንት ጊዜ ለጓደኞቼ እንዳወራሁት አላውቅም። የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተሮች ሲበላሹበት ዴል መረመረና ምክንያቱን ነገራቸው፦ ከባድ ከባድ ሒሳብ እያሠራችሁ ማሽኖቹን አድክማችኋቸዋል! ለሒሳብ ሊቃውንት የተሸጠ ኮምፒውተር ሒሳብ በዝቶበት ታመመ ማለት ነው። ለዴል ጥብቅና የቆመው የሕግ ቢሮ ራሱ የተበላሹ ዴሎች ነበሩት፤ እነሱን ለመጠገን እንኳ ኩባንያው ሲያንገራግር እንደነበር ያው ዘገባ ጽፏል።

አሁን ወደ ላፕቶፕ ልመለስ፤ ወደ ቺፑ።

ኤንቪዲያ ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስሙ የሚጠራው ኩባንያ ነው። ያኔ ለኤችፒ፣ ለዴል፣ ለአፕልና ለሌሎችም የላፕቶፕ ቪዲዮ ቺፕ አቅራቢ ነበር። ቺፑን በቅርብ ብናየው ሲሊኮኑ በጣም ጥቃቅን በሆኑ የብየዳ ነጥቦች ከታቹ ካለው ትንሽ ሰሌዳ ጋር ተያይዟል፤ በመካከላቸውም ነጥቦቹን ደግፎ የሚይዝ ሙጫ መሰል ነገር አለ። ላፕቶፑ ሲበራ ቺፑ ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲሊኮኑና ሰሌዳው ግን እኩል አይለጠጡም። ሙጫው በሙቀት የሚላላ ከሆነ ጫናው ሁሉ ብየዳው ላይ ያርፋል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት እንደሚበጠስ፣ ከብዙ ወራት ማብራትና ማጥፋት በኋላ ነጥቦቹ ይሰነጠቃሉ። ዋስትናው የሚያልቅበት ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ገደማ ነው።

ኤችፒ በኅዳር 2007 የአንዳንድ ሞዴሎቹን ዋስትና አራዘመ፤ በተለይ በብዛት የተሸጡትን ዲቪ2000፣ ዲቪ6000 እና ዲቪ9000። ምልክቶቹን ሲዘረዝር ገመድ አልባ ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ ስክሪን አይመጣም፣ ማሽኑ አይነሳም ይላል። ኤንቪዲያ በይፋ የተናገረው በሐምሌ 2 ቀን 2008 ነው፤ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚይዝ አስታወቀ። በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ ሲሶ ገደማ ወደቀ። መግለጫው ደካማ የቺፕ ማሸጊያ ቁሳቁስን፣ የላፕቶፖቹን የሙቀት አያያዝ፣ በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ የደንበኞችን አጠቃቀም በምክንያትነት ይጠቅሳል። የደንበኞችን አጠቃቀም! ላፕቶፕ አብርቶ ማጥፋት ጥፋት ሆኖ ተመዘገበ።

ከዚያ የመጣው «መፍትሔ» የራሱ ወግ አለው። ዴልና ኤችፒ ፋኑ አብዝቶ እንዲዞር የሚያደርግ ባዮስ ለቀቁ። ፋኑ ሲበረታ ሙቀቱ ይለዝባል፣ ስንጥቁም ይዘገያል፤ ቺፑ ግን ያው ነው። አፕል በበኩሉ ኤንቪዲያ «የእናንተ ማክ አልተነካም» ብሎ እንዳረጋገጠለት፣ ራሱ ሲመረምር ግን አንዳንድ ማክቡክ ፕሮዎች እንደተነኩ እንደደረሰበት በጥቅምት 2008 ለደንበኞቹ አሳወቀ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ አፕልን የሚያህል ደንበኛ እንኳ መጀመሪያ የተሰጠው መልስ «የእናንተ ደህና ነው» የሚል ነው።

ነገሩ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 መጨረሻ በስምምነት ተዘጋ። የዴልና የአፕል ባለቤቶች ቺፑ እንዲቀየርላቸው፣ የኤችፒ ባለቤቶች ደግሞ አሮጌውን ልከው በዓይነትም በዋጋም ተመሳሳይ የሆነ ምትክ እንዲያገኙ ተወሰነ። የተመረጠው ምትክ በወቅቱ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኮምፓክ ሲኪው56 ነበር። ከሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛ ሰው ውዱን ልኮ ርካሹን ተቀበለ። ብዙዎች ተቃወሙ፤ ዳኛው አቤቱታውን አልተቀበሉም። የእኔ ጠጋኝ ላፕቶፕ ሲያምታታ ይቅርታ ጠይቆ በሰዓታት ውስጥ መለሰልኝ። ይሄኛው በፍርድ ቤት ማኅተም የጸደቀ ነውና የሚመለስበት የለም።

የስምምነቱ የአቤቱታ ቀን በመጋቢት 2011 አበቃ። በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ላፕቶፕ ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ በሻንጣ ተጠቅልሎ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ገባ? ደረሰኙ እዚያ ቀርቷል፣ ዋስትናውም እዚያ ቀርቷል። «ማሽንዎ ችግር አለበት» የሚለው ደብዳቤ ቢላክ እንኳ የሚደርሰው የአክስቴ የድሮ አድራሻ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስክሪኑ ጨልሟል። ለጥያቄያችን መልስ ሊሰጠን የሚችለውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሂት ገን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው።

ሂት ገኑም የራሱ ምስጢር አለው። የተሰነጠቀው ብየዳ ሲሞቅ ጫፎቹ መልሰው ይነካካሉ፣ ማሽኑም ይነሳል። ሰው ዳነ ይላል። ጥቂት ሳምንት ሲበራና ሲጠፋ ስንጥቁ ይመለሳል። ሪቦሊንግ እንኳ ብዙ አይረዳም፤ እሱ የሚያድሰው በቺፑ ሰሌዳና በማዘርቦርዱ መካከል ያለውን ብየዳ ነው፤ የተሰነጠቀው ግን ከዚያ በላይ፣ ራሱ ቺፑ ውስጥ ነው። የሚያዋጣው በተሻሻለ አዲስ ቺፕ መቀየር ነበር፤ እሱ ደግሞ ያኔ አዲስ አበባ ላይ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። «ከሠራ ሠራ» ያለኝ ልጅ የተናገረው በዚያ ሁኔታ ሊባል የሚችለውን ትክክለኛ ነገር ነው። እኔ ቃሉን የሰማሁት እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ቃል አድርጌ ነው።

ጠጋኝ ሁሉ ጻድቅ ነው አልልም። ራም የሚነቅል፣ ደህና ባትሪ አውጥቶ የሞተ የሚከት፣ «ዕቃው ከዱባይ እየመጣ ነው» እያለ ሁለት ወር የሚያመላልስ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔም ደርሶብኛል። የእኔ ላፕቶፕ ከእነዚያ በሽተኛ ቺፖች አንዱን ይዞ ነበር ብዬም አልምልም፤ ከተጣለ ቆይቷል። ነገር ግን አንድ ሞዴል፣ አንድ ምልክት፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ጠረጴዛ። ላፕቶፖቹ የተምታቱት ልጁ ግዴለሽ ስለሆነ ሳይሆን አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ተራ በተራ ስለመጡ ነው። ለሌብነቱ ማስረጃ አድርጌ የያዝኩት መምታታት ለንጽሕናው ምስክር ነበር።

ባለፈው ዓመት በዚያ ሕንፃ በኩል ሳልፍ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሱቁ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። የምትሸጠውን ልጅ ጠየቅኳት፤ ከእሷ በፊት የነበረውም ልብስ ሰፊ ነበር አለችኝ። የጥበቃው አባት ትንሽ አሰቡና «ያ ዝምተኛው ልጅ?» አሉኝ፤ የት እንደገባ ግን እሳቸውም አያውቁም።

ቤት ገብቼ የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ደረሰኙን አገኘሁት። በእጁ «ቺፕ ማሞቅ፣ ዋስትና የለውም» ብሎ ጽፎበታል፤ ከሥሩ 800 ብር። ያን ቀን ጓደኞቼ በሩን ይዘው ቆመው፣ እኔ እየጮህኩ፣ ልጁ ከመሳቢያው አውጥቶ ስምንቱንም መቶ ብር ቆጥሮ መልሶልኛል። እኔም ሳላፍር ኪሴ ከትቼ ወጥቻለሁ።