ስለ አሉሚኒየም ቸርኬና ስለ ዕድሳቱ ታሪክ

የአሮጌ መኪና ቸርኬ ከአገልግሎት ብዛት ጠቍሮና ቈስሎ ሲገኝ፥ ባለቤቱ ወደ ፋብሪካ ሳይልክ በገዛ ግቢው አጥቦ፥ ፍቆና ቀብቶ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስበት ሥራ፥ ላይ ላዩን ሲያዩት የጌጥ ፍቅር የወለደው ትርፍ ድካም ይመስላል። የነገሩን ሥር ለሚመረምር ሰው ግን፥ በዚያ በአንድ ክብ ማዕድን ገጽ ላይ የመቶ ዓመት ጥበብ ተደራርቦ ስለሚገኝ፥ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የተቀመጠው ሠራተኛ በየንብርብሩ የሚደርሰው ወደ ሌላ ዘመን ነው። ማዕድኑ በመቶ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ጥቂት ነው፤ እጅግ የተለወጠው የሚለብሰው ልባስ ነው። ስለዚህ የቸርኬ ዕድሳት ታሪክ በመሠረቱ የልባሱ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቸርኬ የሚያድስ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው በፊቱ ያለው ቸርኬ በየትኛው ዘመን ሥርዓት እንደ ለበሰ ነው።

አሉሚኒየም ራሱ ዘግይቶ የተገኘ ማዕድን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረት ይልቅ የበዛ ሆኖ ሳለ፥ ከኦክሲጅን ጋር ያለው ትስስር እጅግ የጠበቀ በመሆኑ፥ የዴንማርኩ ሊቅ ኤርስቴድ በ1825 ዓ.ም. ለይቶ ካወጣው በኋላ እንኳ ለብዙ ዘመን ብርቅ ሆኖ ኖረ፤ በ1855 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ትርኢት ላይ ሲታይም ከክቡራን ማዕድናት ጋር የሚሰለፍ የነገሥታት ዕቃ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ግን አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፥ የአሉሚኒየምን አፈር በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ አሟምቶ በኤሌክትሪክ ኃይል የመለየትን ዘዴ አገኙ፤ ሁለቱም በ1863 ዓ.ም. ተወልደው ሁለቱም በ1914 ዓ.ም. ማረፋቸው የሚያስደንቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወድቆ የነገሥታቱ ማዕድን ወደ ድስትና ወደ ማንቈርቈሪያ ወረደ፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላም ወደ መኪና እግር ደረሰ።

ስለ ባሕርዩ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛው፥ ክብደቱ ከብረት ክብደት ሲሦ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ለእኛ ጉዳይ ዋናው፥ አየር እንደ ነካው ወዲያው ከራሱ ዝገት የተሠራች፥ ዓይን የማያያት ስስ ልባስ መልበሱ ነው። የብረት ዝገት እየተቀረፈ ለአዲስ ዝገት በር ሲከፍት፥ የአሉሚኒየም ዝገት ግን እንደ ቆዳ ተጣብቆ የውስጡን ይጠብቃል። ይህች ልባስ ብርቱ አሲድም ብርቱ አልካሊም ያፈርሳታል፤ በቤት ውስጥ የሚበላሹት ቸርኬዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት ይህን ባለማወቅ ነው።

የመኪና መንኰራኵር በመጀመሪያ እንደ መድፍ ጋሪ ከእንጨት፥ ኋላም ከሽቦና ከብረት ሰሌዳ ይበጅ ነበር። ከአሉሚኒየም ተሠርተው በዓለም ፊት ዝና ካገኙት መካከል ቀዳሚው ግን የኤቶሬ ቡጋቲ ነው። ይህ ሰው በሚላኖ ተወልዶ በአልሳስ በሞልስሃይም ከተማ ፋብሪካውን የተከለ፥ አባቱ የቤት ዕቃ ነዳፊ፥ ወንድሙ ሬምብራንት ደግሞ ቅርጽ አውጪ የነበሩ፥ በሥነ ጥበብ ቤት ያደገ ሰው ነበር። ኦገስት 3 ቀን 1924 ዓ.ም. በሊዮን በተደረገው ታላቅ ውድድር ታይፕ 35 የተባለውን መኪናውን ሲያቀርብ፥ ስምንት ጠፍጣፋ ክንዶች ያሉት የአሉሚኒየም መንኰራኵር ከፍሬኑ ከበሮ ጋር አንድ ሆኖ ተቀርጾ ነበር፤ ስለዚህም መንኰራኵሩ በወለቀ ጊዜ የፍሬኑ ሸራ ተገልጦ ይታያል፥ ክንዶቹም ነፋስ እያሳለፉ የፍሬኑን ሙቀት ያበርዳሉ። በዚያ ቀን ጎማዎቹ እየተበላሹ ድሉን ቢያሳጡትም፥ የመንኰራኵሩ መልክ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የሚቀናበት ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዘመን የማዕድኑ የራሱ ገጽ ጌጥ ስለ ነበረ፥ ማጽዳት ማለት መወልወል ማለት ነበር፤ ከእጅና ከጨርቅ በቀር ብዙ አይጠይቅም።

ሁለተኛውን ምዕራፍ የከፈተው ከአሉሚኒየም የቀለለው ማግኒዚየም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ቴድ ሃሊብራንድ የተባለ ባለሙያ ለኢንዲያናፖሊስ ተወዳዳሪዎች የማግኒዚየም መንኰራኵር እየቀረጸ ስሙ ገነነ። የማግኒዚየም ክብደት ከአሉሚኒየም ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለ ሆነ ለተወዳዳሪ ታላቅ ትርፍ ነበር፤ ዳሩ ግን የራሱ ዝገት በሚገባ አይሸፍነውምና እርጥበትና ጨው በቶሎ ይበሉታል፥ ስለዚህ በኬሚካል ታጥቦ በቀለም መሸፈን ግድ ሆነበት። ከዚህም የባሰው፥ በሚፋቅበት ጊዜ የሚወጣው ብናኝ በእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላል፥ ውሃ ቢያፈሱበትም ይብሳል እንጂ አይጠፋም። በአገራችን ለብዙ ዘመን በመንገዱ ሁሉ የኖረችው የቮልስ መኪና የሞተሯ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ፥ በተቃጠለች ጊዜ እንዴት ባለ ነጭ ብርሃን እንደምትነድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ስለዚህ የአሮጌ ተወዳዳሪ መኪና ቸርኬ የወደቀለት ሰው መፋቂያ ከማንሣቱ በፊት በስተጀርባው ባለው እርቃን ማዕድን ላይ አንዲት የኮምጣጤ ጠብታ ያሳርፍ፤ ወዲያው አረፋ ከደፈቀ ማግኒዚየም ነውና በቤት መፋቁን ይተው፤ ዝም ካለ አሉሚኒየም ነው።

የውድድሩ መልክ ወደ ሕዝቡ መንገድ የወረደው በዚያው በካሊፎርኒያ ነው፤ በ1956 ዓ.ም. በሳንፍራንሲስኮ የተቋቋመው አሜሪካን ሬሲንግና መሰሎቹ ለወጣቶች መኪና ይህን ዓይነት ቸርኬ ማቅረብ ጀመሩ። ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም ተከተሉ፤ ነገር ግን መንገዱ ቀና አልነበረም። ሸቭሮሌት ለ1963 ዓ.ም. ኮርቬት ያዘጋጀው የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀረጻው ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ አየር ያሾልክ ነበር፤ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ በተለመደበት ዘመን ይህ ከባድ ነውር ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር አለ፤ ዛሬም አሮጌ ቸርኬ ቀስ በቀስ አየር ሲያጎድል፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ጎማው በሚያርፍበት ከንፈር ላይ የተነሣው ነጭ ዝገት ነው፤ ስለዚህ ማንም የማያየውን ይህን ውስጣዊ ከንፈር ማጽዳት ፊቱን ከማሳመር ይቀድማል።

በጀርመን አገር ደግሞ የፖርሸ ኩባንያ ለ1967 ዓ.ም. 911 ኤስ መኪናው፥ በማይነርትስሃገን ያለው የኦቶ ፉክስ ፋብሪካ ያበጀለትን ባለ አምስት ክንድ ቸርኬ አቀረበ። ይህ ቸርኬ በቅርጽ የፈሰሰ ሳይሆን በኃይል እየተጫነ የተቀጠቀጠ በመሆኑ ጽኑ ነው፤ እያንዳንዱም ከብረቱ ቸርኬ ከ2 ኪሎ በላይ ይቀላል። ገጹ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል፤ በኤሌክትሪክ መታጠቢያ ውስጥ ተነክሮ፥ ያች ተፈጥሯዊት ስስ ልባስ ሆን ተብላ እንድትወፍር ተደርጓልና፥ የሚያበራው ቀለም ሳይሆን የማዕድኑ የራሱ ዝገት ነው። ይህ ዝገት በባሕርዩ ከሰንፔር ድንጋይ ጋር አንድ በመሆኑ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል በመወልወያ ቅባት ቢያሸው አይለወጥም፥ የምድጃ ማጽጃ ወይም ሌላ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነገር ቢያፈስበት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገፈፋል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ጥንታዊ ልባስ ጥቂት ቢፈዝም በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ሊተው ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ ከተገፈፈ በቤት አይመለስምና።

እስከዚህ ድረስ ስለ ልባስ ተናገርን፤ ስለ እድፉ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል፥ ምክንያቱም ቸርኬ ማጠብ የሳምንት ልማድ የሆነው በፍሬን ለውጥ የተነሣ ነው። በ1953 ዓ.ም. ጃጓር በዳንሎፕ ዲስክ ፍሬን የለማንን ውድድር ካሸነፈ በኋላ፥ ይህ ፍሬን ቀስ በቀስ ወደ ሁሉም መኪና ገባ። የቀድሞው ከበሮ ብናኙን በሆዱ ይይዝ ነበር፤ ዲስኩ ግን በየማቆሚያው የጋለ የብረት ብናኝ ወደ ውጭ ይበትናል። ይህ ብናኝ ትኩስ እንደ ሆነ በቸርኬው ልባስ ላይ ይሰካና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ በሳሙና የማይለቁት እነዚያ ቡናማ ነጠብጣቦች ከዚህ የመጡ ናቸው። የመኪናውን ጉዞ ይበልጥ የሚገቱት የፊቶቹ ፍሬኖች ስለ ሆኑም የፊት ቸርኬ ከኋላው ይልቅ ይጠቍራል። ዛሬ ለዚህ የሚሸጠው ፈሳሽ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚለወጥ ሲሆን፥ የሴቶችን ፀጉር ለመጠቅለል ከሚያገለግለው መድኃኒት ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሽታውም ይመሰክራል። በአሮጌ መኪና ላይ ግን ሌላ ፍርሃት አለ፤ የቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ሳንባን የሚያጠፋው አስቤስቶስ ነበረባቸው፥ የአውሮጳ ኅብረትም አስቤስቶስን ፈጽሞ ለማስቀረት በ1999 ዓ.ም. መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ የቈየ ብናኝ በደረቁ አይጠረግም፥ በነፋስም አይነፋም፤ አስቀድሞ በውሃ ይራስ።

ይህን ሥራ ከባለሙያ እጅ አውጥተው ለቤት ሰው የሰጡት ሦስት መሣሪያዎች ናቸው፤ ታሪካቸውንም ብዙ ሰው ስለማያነሣው በዚህ ላይ መቈየት እወዳለሁ። የፊላደልፊያው ፍራንሲስ ኦኪ ውሃ የማያበላሸውን ብርጭቆ ወረቀት ፈለሰፈ፥ በሚኒሶታ ያለው የስሪ ኤም ኩባንያም በ1921 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው። ከዚያ በፊት የመኪና ቀለም በደረቁ ሲፋቅ የእርሳስ መርዝ ያለበት አቧራ በሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይገባ ነበርና፥ ይህ ወረቀት ከልስላሴው ይልቅ ያዳነው ነፍስ ያስመሰግነዋል። በዚያው ኩባንያ ሪቻርድ ድሩ የተባለ ወጣት ይህንኑ ወረቀት ለማስሞከር ወደ ቀለም ቀቢዎች ቤት ሲመላለስ፥ ሁለት ኅብር ያላቸውን መኪናዎች ሲቀቡ ለመከለያ የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሣ ቀለሙን እየላጠ እንዴት እንደሚያማርራቸው አይቶ፥ በ1925 ዓ.ም. ቀለም የማያነሣውን የመከለያ ፕላስተር ሠራ። ሦስተኛው በ1949 ዓ.ም. በኢሊኖይ፥ በሲካሞር ከተማ፥ ኤድ ሲሞር ያወጣው የሚረጭ የቆርቆሮ ቀለም ነው፤ ሐሳቡን የሰጠችው ሚስቱ ስትሆን፥ የመጀመሪያው ቀለምም ሌላ ሳይሆን የአሉሚኒየም ቀለም ነበር። እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ በኋላ ኮምፕሬሰርና የቀለም ቤት የሌለው ሰው ሁሉ በግቢው ቸርኬ ማደስ ቻለ።

ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ በብር መሰል ቀለም ተቀብቶ በላዩ ጥርት ያለ ቨርኒሽ የሚለብስ ሆነ፤ በቤት የሚታደሰውም አብዛኛው ይኸው ነው። ቨርኒሹ በጠጠር ሲቈስል እርጥበትና ጨው በቍስሉ ገብተው፥ ከሥሩ እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መሥመር ይጀምራል። በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ በጨው በሚሸፈንባቸው እንደ ሚኒሶታ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ትል በየዓመቱ ያዩታል፤ እዚህ በአገር ቤት ደግሞ ከጨው ይልቅ የሚጎዳው የመንገድ ጉድጓድ ነው። ቸርኬ ሲጣመም ጎሚስታው በመዶሻና በእሳት ሊያቃናው ይሞክራል፤ በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ጽናት የተሰጠው አሉሚኒየም ግን እሳት ሲያገኘው ያንን ጽናት ያጣል፥ በመዶሻውም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቸርኬ በስቱኮ ተሸፍኖ ወደ መንገድ መመለሱ ነፍስን መፈታተን ነው።

ትክክለኛው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስቡ አስቀድሞ ይታጠባል፥ አለዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ወደ ማዕድኑ ያስገባዋል። ከዚያ ልል የሆነው ቀለም በ240 ቍጥር ተፍቆ፥ ጤናማው ቀለም ጠርዙ በ400 እስኪሳሳ ድረስ ይሠራል፤ የብረት ብሩሽ ግን ይራቅ፥ የራሱን ብረት በአሉሚኒየሙ ውስጥ ትቶ ለአዲስ ዝገት ዘር ይሆናልና። ቀጥሎ ማዕድኑን የሚነክስ መሠረተ ቀለም፥ በላዩም ስስ ስስ እየሆነ ደጋግሞ የሚረጭ ቀለምና ቨርኒሽ ይመጣል። ዳዶው የሚያርፍበት ስፍራ ግን በፕላስተር ተከልሎ ያለ ቀለም ይቅር፤ በዚያ ያረፈ ቀለም ሲጨመቅ ዳዶው ይላላል፥ መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላም ዳዶዎቹ ደግመው ይጥበቁ። በቸርኬው ጀርባ የተቀረጹት መጠኑን፥ የሠሪውን ምልክትና ዘመኑን የሚናገሩት ፊደላት ደግሞ ከብርጭቆ ወረቀት ይጠበቁ፤ የነሐስ መስቀል በአመድና በሎሚ ሲወለወል ብልህ ዲያቆን ሐረጉ እስኪጠፋ ድረስ እንደማያሸው ሁሉ፥ ቸርኬ አዳሹም ታሪኩን እስኪደመስስ ድረስ አይፋቅ።

በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የቤቱን እጅ ያቆመ አንድ ልባስ መጥቷል። በቀለም ከተቀባ በኋላ ፊቱ ብቻ በአልማዝ ስለት በቶርኖ ተላግቶ፥ ጥቃቅን ክበቦች እያበሩበት በቨርኒሽ የሚሸፈነው ቸርኬ ነው። ይህ ፊት ከቈሰለ በብርጭቆ ወረቀት አይመለስም፤ የግድ እንደገና ወደ ቶርኖ ይሄዳል፥ ቶርኖውም በየጊዜው ከማዕድኑ እየላገ ስለሚያነሣ ይህ የሚደረገው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎች፥ ወጪውንና መሳሳቱን አይተው፥ የአልማዙን ፊት በ400 አለስልሰው ቸርኬውን በሙሉ በአንድ ብር መሰል ቀለም ይቀቡታል።