በሰዓቱ ያልተጻፈ፦ የነርሶች መዝገብና ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች



የታሪክ ተማሪ ከመሆኔ በፊት በእነዚህ ደጋዎች በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ነርስ ነበርሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የምናገረው በአንድ ቤት ብቻ የሆነ ነገር አይደለምና። ንግግሬን የምጀምረው በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ የግል ማኅደር ነው፤ በራሷ ፈቃድ አገላብጬዋለሁ። ውስጡ የቅጥር ደብዳቤ አለ፤ የደረጃ እድገት ደብዳቤ አለ፤ በስድስት ወር ልዩነት የተጻፉ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ ሁለቱም የታካሚ መዝገብ በወቅቱ ባለማሟላቷ የተሰጡ ናቸው። የመጨረሻው ወረቀት በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የነበረ የጥሪ ማስታወቂያ ግልባጭ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ ስለ ተለየች ቀርባ ሪፖርት እንድታደርግ ያዝዛል። የስንብት ማመልከቻ የለም። ለምን እንደ ሄደች እኔ አውቃለሁ፤ ማኅደሩ ግን አያውቅም። የዛሬው ርእሴ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ በሽተኛ ማስታመም ከነርስ በፊት የነበረ ሥራ ነው። አስታማሚ እናት ናት፣ እኅት ናት፣ ጎረቤት ናት። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታድራለች፤ ጠዋት ለሚጠይቃት እንዴት እንዳደረ፣ መቼ እንዳላበው፣ ምን እንደ ቀመሰ በቃሏ ታስረክባለች። ይህን ስል አገሩ ለጽሕፈት እንግዳ ነበር ማለቴ አይደለም። ይህ የተድባበ ማርያም አገር ነው፤ ብራና ሲፋቅና ሲጻፍ የኖረበት ነው፤ የወሎ ሸኾችም በዐረብኛና በዐጀሚ ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን ጽሕፈት ለሃይማኖት፣ ለርስትና ለውል እንጂ ለአንድ ሌሊት ትኩሳት አልነበረም።

ዘመናዊው ነርስነት ሲመጣ መዝገቡን ይዞ መጣ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው ዐረፉ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ዛሬ የካቲት 12 በሚባለው ሆስፒታል ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሥራ ጀምሮ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ወደ አውራጃዎች ይልክ ጀመር። እስከዚያ ድረስ፣ በብዙ ወረዳም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ድሬሰሩን ነበር። በነገራችን ላይ የገጠር ሰው ዛሬም ነርሷን «ሐኪሟ» ይላታል፤ የማዕረጋችንን ክፍፍል አይቀበለውም፤ ማን እንዳከመው ግን ያውቃል።

መዝገቡ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ሆነ፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ስትል ጨጓራዋን ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ ነርሷ ሰምታ፣ ጠይቃ፣ ተርጉማ፣ ከዚያ መጻፍ አለባት። ከመርፌው ይልቅ ዐረፍተ ነገሩ ጊዜ የሚወስድበት ሌሊት አለ።

ለመሆኑ ያ መዝገብ ለማን ነበር የሚጻፈው? በመጀመሪያ አንባቢው ቀጣዩ ተረኛ ነበር፦ ሙቀቱ ስንት ነው፣ መድኃኒቱን መቼ ወሰደ፣ ምን ይጠበቅ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ሆስፒታሎች ባሳተመችው መጽሐፍ ለንጽጽር የሚበቃ የሆስፒታል መዝገብ ፈልጋ ማጣቷን በምሬት ጽፋለች፤ ስለዚህ መዝገብ ከታካሚው አልጋ አልፎ ወደ ላይ እንዲሄድ መመኘት የኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በእኛ አገር ይህ ምኞት ሥርዓት የሆነው ግን በቅርቡ ነው። በ2000 ዓ.ም. የጤና መረጃ ሥርዓቱ እንደ አዲስ ተዋቀረ። በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ፤ የነርስ አገልግሎትም ራሱን የቻለ ምዕራፍና የሚለካ መስፈርት አገኘ። ይህ ለሙያው ክብር ነበር፤ በጊዜው እኔም ደስ ብሎኛል። የሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ 20 ነው፤ በእነዚያ ቀናት አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው የኮሪደሩ አየር እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። የመዝገቡ አንባቢ ከተረኛው ወደ መርማሪው ዞረ፤ የጸሐፊው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናዘዝ አለብኝ። ሌሊት ሁለት ሆነን ከሠላሳ በላይ ታካሚ የምንጠብቅበት ክፍል ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ኦክስጅን ፍለጋ እንሮጣለን እንጂ ብዕር አናነሣም። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካርዶቹን ደርድሬ የሌሊቱን ሁሉ በአንድ ብዕር፣ በአንድ አቀማመጥ እጽፍ ነበር፤ የአሥራ ሁለት ሰዓት ልኬት፣ የስድስት ሰዓት ልኬት፣ የአሥር ሰዓት ልኬት። የትንፋሽ ብዛት ለሁሉም 20። ልኬቱን ከወሰድሁት ይልቅ የገመትሁት የሚበዛበት ሌሊት ነበር። ባልደረባዬ ይህን አታደርግም። አንድ ነገር ዘግይታ ስትጽፍ የሆነበትን ሰዓትና የጻፈችበትን ሰዓት ለየብቻ ታሰፍራለች፤ ያልለካችውን ባዶ ትተዋለች። ይህ ትምህርት ቤት የተማርነው ትክክለኛ አሠራር ነው። የመዝገብ ምርመራ ሲመጣ የእኔ ካርዶች ሙሉ ሆነው ተገኙ፤ የእርሷ ደግሞ ዘግይተው የተጻፉና ክፍት ቦታ ያለባቸው። ማስጠንቀቂያ የደረሳት እርሷ ናት። እኔ በስብሰባ ተመሰገንሁ።

ተማሪዎቼ ስለ ምንጭ ሒስ ሲጠይቁኝ ይህን ታሪክ የምነግራቸው ለዚህ ነው። የገዳም የግብር መዝገብ ስናነብ ማን ለማን ጻፈው ብለን እንጠይቃለን፤ የሆስፒታል ካርድንም እንዲሁ ልንጠይቀው ይገባል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ጤና የሚያጠና ሰው በአንድ ቀለም የተሞላና አንድም ክፍት ቦታ የሌለበት ገጽ ሲያገኝ የደስታ ሳይሆን የጥርጣሬ ምልክት ሊያየው ይገባል። ጫና መዝገብን ይሞላል፤ እውነተኛ ግን አያደርገውም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት የነርሶችን ጽሕፈት ያልተጠናቀቀ ሥራ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በሚገባ የሚጽፉት ከግማሽ በታች ሆነው ተገኝተዋል። ያን ጥናት ሳነብ ከሚጽፉትም መካከል ስንቶቹ እንደኔ ይሆኑ ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ሆኖም የኃላፊዎቹን ጭንቀት አቃልዬ ማለፍ አልሻም። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ ለመድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ደም የሚፈሳት እናት በአምቡላንስ ተልካ ደሴ ስትደርስ የያዘችው ወረቀት ማዋለጃ መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደ ተሰጣት ካልተናገረ፣ ተቀባዩ ሐኪም ሊደግመው ወይም ሊተወው ነው፤ ሁለቱም ሊገድላት ይችላል። በወቅቱ መጻፍ ሕይወት ነው የሚሉት ኃላፊዎች እውነት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ የመዝገብ መጥፋት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም አይተናል። ክርክሬ ከጽሕፈቱ ጋር አይደለም፤ ለሁለት ሰው ሥራ አንድ ሰው መድቦ የዘገየውን ጽሕፈት የጸሐፊዋ ጠባይ ጉድለት አድርጎ ከማየቱ ጋር ነው።

አሁን ወደ መልቀቁ ልምጣ። ሕጉ ግልጽ ነው። የ1999ኙ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም ሆነ የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1064 ሠራተኛው በማንኛውም ጊዜ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አገልግሎቱን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጉ ነበር፤ በቀላሉ ሊተካ የማይችል ከሆነ ግን ጥያቄው እስከ ሦስት ወር ሊዘገይ ይችል ነበር። በግሉ ዘርፍ የሚሠራበት የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ነው። በተግባር ግን ያ አንድ ወር ሁለት ጊዜ ካስጠነቀቀሽ ኃላፊ ሥር የሚታደርበት ወር ነው፤ ከንብረት ክፍል፣ ከፋይናንስ፣ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ፊርማ የሚለቀምበት ወር ነው፤ መጨረሻው ላይ መልቀቂያው ይሰጥ አይሰጥ የማይታወቅበት ወር ነው። በቀላሉ የማይተካ የሚለው ሐረግ ነርስ በጠፋበት ደጋ ውስጥ ሁሉንም ነርስ ይይዛል። ሰው በጠፋ ቁጥር መልቀቅ ይከብዳል፤ መልቀቅ በከበደ ቁጥር ደግሞ ሰው ሳይናገር ይሄዳል።

ይህ አሄድ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የደጋው ገበሬ ግብርና የጉልበት ሥራ ሲከብደው፣ አቤቱታውም ሰሚ ሲያጣ፣ ሌሊት ጓዙን ጭኖ ወደ ሌላ ጌታ አገር ይሻገር ነበር። ስንብት አይጠይቅም፤ ስንብት መጠየቅ መያዝ ነውና። የታሪክ ጸሐፊዎች ለአመፅ ብዙ ገጽ ሰጥተዋል፤ ለዝምታ ጥሎ መሄድ የሰጡት ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሰነድ አይተውም። ድምፅ አሰምቶ መጠየቅስ? ሆስፒታል በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄያቸውን ዘርዝረው፣ የአንድ ወር ጊዜ ገደብ ሰጥተው፣ በግንቦት ከፊል ሥራ ማቆም ባደረጉ ጊዜ በርካቶቹ ታስረዋል። ልብ በሉ፤ እነዚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር።

በሌላ ዓለም ጥያቄውን የገለበጡት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የነርስነት አካዳሚ ነርሶች ለምን ይሄዳሉ ማለቱን ትቶ ለምን ይቆያሉ ብሎ ጠየቀ፤ ከ163 ሆስፒታሎች ነርሶችን በማቆየት የተሳካላቸውን 41 ለይቶ አጠና። ባገኘው መልስ ውስጥ በቂ የሰው ኃይል፣ ነርሷ በሥራዋ ላይ ያላት የመወሰን ነጻነትና የሚሰማ ኃላፊ ጎልተው ወጡ። ይህን ጥያቄ ለደቡብ ወሎ ሆስፒታሎች ማንሣት ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለዚህ ክፍል ተመራቂዎች ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ነው። ነገር ግን ማኅደር ቤት ገብታችሁ አታገኙትም። የሄዱትን ፈልጎ በቃል ማነጋገር ያስፈልጋል።

እኔ አንዷን አነጋግሬአለሁ። ዛሬ በሌላ ከተማ በግል ክሊኒክ ትሠራለች። መልቀቂያ ስለሌላት የስድስት ዓመት አገልግሎቷ በሥራ ልምድ አልተያዘላትም፤ እንደ አዲስ ተመራቂ ተቀጥራለች። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍባት ሰምታ እንደ ነበር፣ እኔ እንደምጽፈው እንድትጽፍ የመከራት ሰው እንደ ነበረም ነገረችኝ። ማን እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም።

በመጨረሻው ጠዋት ክፍሉን የተረከብሁት እኔ ነበርሁ። የመድኃኒት ሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ስለ እያንዳንዱ ታካሚ አንድ በአንድ ነግራኝ ወጣች። ካርዶቹን በኋላ አየኋቸው፤ ሁሉም ተጽፈው ነበር። አንዱ ላይ በእጇ ጽሕፈት፦ የሆነው ከሌሊቱ 8፡15፤ የተጻፈው ከጠዋቱ 12፡40።