ወስፌ፣ ሰንጢ እና ድግር፦ በአንድ እጀታ ብዙ ሥራ

የሰው ልጅ መሣሪያን ከፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ሲታገሉት ኖረዋል። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ መሣሪያ እንዲኖረው የሚገፋፋው የጥራት ፍላጎት ነው። ሁለተኛው፣ የሚሸከመው ዕቃ ጥቂትና ቀላል እንዲሆን የሚያስገድደው የመንገድ ድካም ነው። በቤቱ የሚሠራ አናጢ መጋዙን፣ መሮውንና መዶሻውን ለየብቻ ሰቅሎ ሊያኖር ይችላል። አህያ እየነዳ ገደል የሚወርድ ነጋዴ ወይም በታንኳ ሐይቅ የሚያቋርጥ ቀዛፊ ግን ከወገቡና ከኪሱ ሌላ የዕቃ ማስቀመጫ የለውም። በኪስ የሚያዝ የብዙ ሥራ መሣሪያ የተወለደው በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል ከተደረገ እርቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚህን እርቅ ታሪክ ከእነዋሪ አንጻር ለመመርመር ይሞክራል። እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የተቀመጠችው የጀማ ወንዝ ወደ ዓባይ ለመግባት በቆረጠው ጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለው የጥቁር አፈር ሜዳ ነው። ከሜዳው ስንዴና ጤፍ ይታፈሳል፤ ከአፋፉ ሥር ደግሞ ቆላው ይጀምራል። ደጋና ቆላ እንዲህ በቅርብ በሚገናኙበት አገር ሰው ብዙ ይጓዛል፤ ብዙ የሚጓዝ ሰውም ስለሚይዘው መሣሪያ አጥብቆ ያስባል።

፩. ከወገብ የማይለይ ዕቃ

የአገራችን መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ በወገቡ ወይም በኪሱ ሲይዛቸው ከኖሩት ዕቃዎች መካከል ሰንጢ፣ ወስፌና ወረንጦ ይገኙባቸዋል። ወስፌ እሾህ ይነቅሳል፣ ቆዳ ይበሳል፣ የተበጠሰ ጠፍር ይጠግናል፤ በሴቶች እጅ ሲገባ ደግሞ አክርማና ሰንደዶ እያያያዘ ሞሰብ ይሰፋል። ወረንጦ ወስፌው የገለጠውን እሾህ ለቅሞ ያወጣል። ሰንጢ ሥጋ ይቆርጣል፣ ልጥ ይልጣል፣ ዱላ ይጠርባል።

ከዚህ ላይ መታወስ ያለበት አንድ ልዩነት አለ። ብዙ አካል ያለው መሣሪያ አለ፤ አንድ አካል ኖሮት ብዙ ሥራ የሚሠራ መሣሪያም አለ። ወስፌ ከሁለተኛው ወገን ነው። ማጠፊያ የለውም፣ ሞላ የለውም፣ የሚላላ ብሎን የለውም፤ ስለሆነም የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው። ሁለገብነቱ የሚመጣው ከብረቱ ሳይሆን ከያዘው ሰው ዕውቀት ነው።

እነዚህን ዕቃዎች የሚሠራው የአገር ቤት ቀጥቃጭ ነው። በከሰልና በወናፍ እሳቱን እያጋመ፣ ቆይቶም ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባሌስትራ እያቀለጠመ ቢላዋና ማረሻ ሲያወጣ ኖሯል። ባሌስትራው ለሞላነት የተመረጠ የካርቦን ብረት በመሆኑ፣ ቀጥቃጩ በእሳትና በውሃ ሲያጠነክረው ጥሩ ስለት ይይዛል። ይህን ምርጫ ያስተማረው ኮሌጅ የለም፤ ብረቱን በዐይኑ ቀለም፣ በጆሮው ድምፅ ለይቶ የደረሰበት ነው። ነገር ግን ኅብረተሰቡ ለዚህ ዕውቀት የከፈለው ዋጋ ስድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል።

፪. በሌላው ዓለም

ሐሳቡ የዛሬ አለመሆኑን የሚመሰክር አንድ ዕቃ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ በፊትዝዊልያም ቤተ መዘክር ይገኛል። ከብር የተሠራ፣ ስለቱ የብረት የሆነ፣ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ቢላዋና መጎርጎሪያ በአንድ ላይ የሚታጠፉበት የሮማውያን መሣሪያ ሲሆን፣ የሦስተኛው መቶ ዓመት ሥራ እንደሆነ ይገመታል። ለተራ ወታደር ሳይሆን ለባለጸጋ መንገደኛ እንደተሠራ ከብሩ መረዳት ይቻላል።

መሣሪያውን ወደ ተራው ሰው ኪስ ያወረደው የስዊስ ሠራዊት ነው። ሠራዊቱ የ1889ን ጠመንጃ በታጠቀ ጊዜ፣ ወታደሩ መሣሪያውን ለመፍታት ካቻቢቴ፣ ምግቡን ለመክፈት የቆርቆሮ መክፈቻ አስፈለገው። እነዚህን ከስለትና ከመብሻ ጋር ያጣመረው ቢላዋ «የ1890 ሞዴል» ተባለ። በስዊስ አገር ይህን ያህል ብዛት ሊያመርት የሚችል ፋብሪካ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ ቢላዋዎች ከጀርመን ከዞሊንገን ከተማ ተገዙ። እ.ኤ.አ. በ1884 በኢባኽ መንደር ሥራ የጀመረው ካርል ኤልዘነር ግን በ1891 ለሠራዊቱ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውን የመኮንኖች ቢላዋ በሕግ አስመዘገበ። የኤልዘነር ብልሃት ምሕንድስናዊ ነው፤ አንዱ ሞላ በእጀታው በሁለቱም በኩል ያሉትን መሣሪያዎች እንዲይዝ በማድረጉ፣ የሞላው ቁጥር ሳይበዛ የሥራው ቁጥር በዛ። የማይዝግ ብረት እ.ኤ.አ. ከ1913 በኋላ በኢንዱስትሪ ሲስፋፋ ኩባንያው ይህንኑ ብረት ተቀብሎ፣ በመሥራቹ እናት ስም ላይ «ኢኖክስ» የሚለውን ቃል ጨምሮ ከ1921 ጀምሮ ቪክቶሪኖክስ ተባለ።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ቲም ሌዘርማን የተባለ የመካኒክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር፣ ለመኪናውም ለሆቴሉ ቧንቧም ጥገና ከኪስ ቢላዋው የጎደለው ፒንሳ እንደሆነ ተረዳ። ከዚያም ፒንሳን ዋና አካል፣ ስለትን ተጨማሪ ያደረገ መሣሪያ ነድፎ በ1980 የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1983 ኩባንያ አቋቋመ። በቢላዋውና በፒንሳው መካከል ያለው ልዩነት የመልክ ብቻ አይደለም። አንዱ መቁረጥን፣ ሌላው መያዝን መሠረት ያደረገ ነው። ዛሬም መሣሪያ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሥራዬ ይበልጡን መቁረጥ ነው ወይስ መያዝ?

፫. ከዙሪክ ወደ አንኮበር

የስዊስ ቢላዋ ገና ሳይሠራ፣ አንድ የስዊስ መሐንዲስ ሸዋ ደርሶ ነበር። በፍራውንፌልድ የተወለደውና በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረው አልፍሬድ ኢልግ (1854–1916 እ.ኤ.አ.) በ1879 አንኮበር ገብቶ በንጉሥ ምኒልክ አገልግሎት ተሰማራ። በ1894 የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ያገኘውም እርሱ ነው። ለመሐንዲሶች የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል ግን ከባቡሩ በፊት ያለው ነው። መለዋወጫ ከባሕር ጠረፍ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንታት ተጉዞ በሚደርስበት አገር፣ የተሰበረ ነገር በቦታው ባለው ብረትና በቦታው ባለው ባለሙያ ካልተጠገነ ሥራው ይቆማል። በዚያ ዘመን የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚለካው በሚሰጠው አገልግሎት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል በሚለው ጥያቄም ነበር።

፬. በውሃ ላይ

የውሃ መንገደኛ ከምድር መንገደኛ የተለየ ፈተና አለበት። በጣና ላይ የሚሠራው ታንኳ ደንገል ታጭዶ፣ በገመድ ጠብቆ የሚታሰር ነው፤ ውሃ እየጠጣ ሲከብድም በሌላ ይተካል። የዚህ ጀልባ ሠሪ የሚያስፈልገው መሣሪያ ማጭድ ወይም ቢላዋ ብቻ ነው፤ ሚስማር የለበትም፣ ብሎን የለበትም። መሣሪያ የሚበዛው ጀልባው በሞተርና በብሎን ሲሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ፣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ በነበረው በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ጓድ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ወረደ። ጀማ የሚገባበትም ይኸው ሸለቆ ነው። ወንዙ ጀልባዎችን ገለበጠ፤ ከጉዞው አባላት አንዱን ውሃ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ተነሥተው ሜዲትራኒያን ባሕር እስኪደርሱ 114 ቀን ፈጅቶባቸዋል።

በሚሮጥ ውሃ ላይ ሕይወትን የሚያድነው ገመድ፣ እግር ወይም አንገት ላይ ሲጠመጠም ያሰጥማል። ስለዚህ የጀልባ ሰው ስለት በአንድ እጅ የሚወጣ መሆን አለበት፤ ሌላው እጅ ጀልባውን ይዟልና። ሲወጣ የሚቆለፍ፣ ገመድ ለመቁረጥ ጥርስ ያለው፣ ለአደጋ ጊዜም ቢቻል የማይታጠፍና በደረት ላይ የሚንጠለጠል ቢሆን ይመረጣል። በአየር በሚነፋ ጀልባ ላይ ደግሞ ጫፉ ደነዝ መሆን አለበት፤ ሹል ጫፍ ገመዱን ሲቆርጥ ጀልባውንም ይቀዳልና። መሣሪያው በማሰሪያ ከሰውነት ጋር ካልተያያዘ የመጀመሪያው ማዕበል የባለቤትነት መብቱን ለወንዙ ያስተላልፋል።

፭. የእነዋሪ ምሳሌ

የብዙ ሥራ መሣሪያን ጉዳይ ከኪስ አውጥቶ ወደ ማሳ ያሻገረው ታሪክ የተፈጸመው በእነዋሪ ነው። የጅሩ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል፤ ሰብሉም ይታፈናል። ገበሬው ይህን ለማሸነፍ ማሳውን ካረሰ በኋላ፣ ከነቤተሰቡ አጎንብሶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የእንስሳት ልማት ማዕከል ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ከአገራችን ተቋማት ጋር ሆነው ይህን ልማድ አጠኑ፤ ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምረው በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያም ሠሩ። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። በመጀመሪያ የተገጠመው የእንጨት ክንፍ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ በብረት ክንፍ ተተካ።

የዚህ ሥራ ብልሃት ያለው፣ ገበሬው የሚያውቀውን አካል እንደያዘ መቆየቱ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ዕርፉና ድግሩ የእርሱ ናቸው፤ ሲሰበሩ ከጓሮው ዛፍ ይቆርጣል፣ ብረቱን ከቀጥቃጩ ያሠራል። ይሁን እንጂ የተጨመረው ብረት ዋጋና ክብደት፣ በገበሬውም በበሬውም ላይ የሚጫነውን ሸክም ያህል መመዘን ነበረበት። ማንኛውም ሁለገብ መሣሪያ የሚፈተነው በዚህ ሚዛን ነው፤ የተጨመረው ሥራ ከተጨመረው ሸክም መብለጥ አለበት።

፮. አመራረጥና አያያዝ

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ተዕለት ምርጫ የሚረዱ ጥቂት መመዘኛዎች ይገኛሉ። አንደኛ፣ በሳምንት ውስጥ የተሠሩትን ጥቃቅን ሥራዎች መቁጠር ነው። ሽቦና ብሎን የሚበዛበት ሰው ፒንሳ ያለበትን፣ ምግብ፣ ገመድና እንጨት የሚበዛበት ሰው ቢላዋውን ይምረጥ። ሁለተኛ፣ ማጠፊያውን መፈተን ነው፤ ስለቱ ወጥቶ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ከላላ፣ በሥራ ላይ እጅን ይቆርጣል። ሦስተኛ፣ አካላቱ በሚፈታ ብሎን የተያያዙ ቢሆኑ ይሻላል፤ በሪቬት የተዘጋ ዕቃ አንድ ምላሱ ሲሰበር ሁሉም ይጣላል። አራተኛ፣ የማይዝግ የሚባለው ብረት በትክክል ሲነገር ዘግይቶ የሚዝግ ነው። ክሮምየሙ ላዩን ይሸፍነዋል እንጂ ከጨው ውሃ ጋር ለዘለዓለም አያስማማውም። ስለዚህ ከውሃ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከፍቶ ማድረቅ፣ በማጠፊያው ላይ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይገባል። ስለቱም በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ጠብቆ በድንጋይ ቢሳል ብዙ ያገለግላል። አምስተኛ፣ ትንሹ ካቻቢቴ የትልቁን፣ ስለቱም የመፈልቀቂያን ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ የመሰበር ዋነኛ ምክንያት ነው።

የሙያ ማኅበራችን አባላት የውጭውን መሣሪያ በኪሳችን ይዘን ወደ ሥራ ቦታ እንሄዳለን፤ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ወስፌውንና ሰንጢውን የሚሠራው የአገራችን ባለሙያ የብረት ምርጫ፣ የማጠንከሪያ ዘዴና የእጀታ ቅርጽ እስከ ዛሬ በበቂ ሁኔታ አለመለካቱና አለመነደፉ ነው። ኤልዘነር ሲነሣ የመንደር ቢላዋ ሠሪ ነበር፤ ከፍ ያደረገው የሠራዊቱ ትእዛዝ፣ ዝርዝር መለኪያና የተሻለ ብረት ነው። ለአገራችን ቀጥቃጭም የጎደለው ብልሃት አይደለም። የ1900ው አዋጅ ስድቡን ከለከለ፤ ትእዛዙንና መለኪያውን መስጠት ግን ከመሐንዲሱ የሚጠበቅ ሥራ ሆኖ ይቀራል።