«ቱ» ወይስ «ኢንግ»? የእንግሊዝኛ ግሶች ጣጣ

ከመገናኛ «ካራ! ካራ!» እየተባለ በሚሞላው ሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ነገር ሁሌም ያጨቃጭቃል። አንድ ቀን ኮተቤን ሳናልፍ ከኋላ የተቀመጠ የውጭ ዜጋ ከፊቱ ያለውን ወጣት «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ሲል ጠየቀው። ወጣቱ በትህትና «የስ፣ የስ» አለና እጁን ወደ መስኮቱ ሰደደ። ጠያቂው ግራ ተጋባ። «ማይንድ» እዚህ ላይ «ቅር ይልሃል ወይ?» ማለት ስለሆነ «የስ» ያለ ሰው «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብሏል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው መልሱ «ኖ» ነው። (መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ «ብርድ አስመታችሁን» ያሉት እናት ግን በየትኛውም ቋንቋ ቅር ብሏቸዋል።)

ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሌላም የሚታይ ነገር አለ። «ማይንድ» ከኋላው «ኦፕኒንግ» አስከተለ እንጂ «ቱ ኦፕን» አላለም። ኢንጆይ፣ ፊኒሽ፣ አቮይድ፣ ሰጀስት፣ ኮንሲደር፣ ፖስትፖን እና ኪፕም እንደዚሁ ተከታያቸውን በ«ኢንግ» ይፈልጋሉ። ዋንት፣ ሆፕ፣ ዲሳይድ፣ ፕሮሚስ እና ሪፊውዝ ደግሞ «ቱ» ካልሆነ አይሆንላቸውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ ባለሙያ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ለምንድን ነው? አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ብቻ ስላለው ነው። «መጻፍ እፈልጋለሁ»፣ «መጻፍ ጨረስኩ» እንላለን። የቀድሞ የሰዋስው መምህራን ንዑስ አንቀጽ የሚሉት «መጻፍ» በሁለቱም ቦታ አይለወጥም። እንግሊዝኛው ግን አንዱን «ዋንት ቱ ራይት»፣ ሌላውን «ፊኒሽድ ራይቲንግ» ይላል። የከተማችን ቅይጥ ንግግርም አያግዝም። «ኢንጆይ አደረግን»፣ «ሚስ አደረግኩ» ስንል የእንግሊዝኛውን ግስ ብቻውን ወስደን «አደረገ» እናስከትላለን። «ኢንግ» ወደ እኛ የገባው በስም መልክ ነው፤ ፓርኪንግ፣ ትሬኒንግ፣ ካተሪንግ፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኪስ የሚያራቁተው ፊኒሺንግ።

ብዙ መምህራን «ቱ» ገና ያልተደረገውን፣ «ኢንግ» የተደረገውን ወይም ያለውን ያሳያል ይላሉ። ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ስብሰባ ለማስተላለፍ «ፖስትፖን» ስንል ስብሰባው ገና አልተደረገም፤ የሚከተለው ግን «ኢንግ» ነው። የተሻለው መንገድ መዝገበ ቃላት ማየት ነው። እንግሊዛዊው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር የገጠመው ችግር ከእኛ ጋር ይመሳሰል ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ የታተመው የተማሪዎች መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱ ግስ ምን እንደሚያስከትል ምልክት አድርጎ ያሳያል። ብዙዎቻችን ግን መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ትርጉሙን አይተን እንዘጋዋለን።

መነሻው በደንብ የሚሠራው ሁለቱንም በሚቀበሉና ትርጉማቸው በሚለወጥ ግሶች ላይ ነው። «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» ማጨስ አቆመ ነው፤ «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ለማጨስ ቆመ። አማርኛችን እዚህ ላይ «ለ» ጨምሮ፣ ግሱንም ከ«አቆመ» ወደ «ቆመ» ለውጦ ልዩነቱን ይናገራል። «ሪሜምበር»ም እንደዚያው ነው። «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ» ካልን «ሪሜምበር ሎኪንግ»፣ «በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ» ለማለት ግን «ሪሜምበር ቱ ሎክ»። አማርኛው «መቆለፌን» ብሎ ባለቤቱን ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ «ኢንግ» ነው። የማመልከቻ መልስ የሚጽፉ ቢሮዎች «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» የሚሉት በምክንያት ነው። «ዊ ሪግሬት ኢንፎርሚንግ ዩ» ቢሉ «ስለነገርናችሁ ተጸጽተናል» ማለት ይሆንባቸዋል።

በሥራ ማመልከቻ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ግን ከ«ቱ» ራሱ የሚመጣ ነው። «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ስህተት ነው፤ «ሂሪንግ» መሆን አለበት። ይህ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ስም ይቀበላል። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ማለት ከተቻለ ግስ ሲመጣ «ኢንግ» ይይዛል። በዚሁ መንገድ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ካራ» ያለ ሰው ድሮ ካራ ይኖር ነበር። «አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ኢን ካራ» ያለው ግን አሁንም እዚያው ነው፤ ለምዶታል፣ የታክሲ ሰልፉን ጭምር። ቀጣሪ አድራሻዎን ሲጠይቅ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ የሚለው እንጦጦ ላይ ማለዳ የሚሮጡትን ያየ «ዘይ ጎ ረኒንግ» ይበል፤ «ጎ ቱ ረኒንግ» አይባልም። ሾፒንግና ስዊሚንግም ያለ «ቱ» ይሄዳሉ። ኳስ ግን «ፕሌይ ፉትቦል» ነው። ላቫጆ የሚሄድ መኪናም «ኒድስ ዋሺንግ» ይባላል፤ አማርኛው «መታጠብ» ብሎ ተገብሮ ሲጠቀም እንግሊዝኛው «ማጠብ» ያለ ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን አንድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የማየትና የመስማት ግስ ነው። «መንገዱን ሲሻገር አየሁት» ያለ የመኪና አደጋ ምስክር ቃሉ ለውጭ መድን ድርጅት ይተረጎማል እንበል። «አይ ሶው ሂም ክሮሲንግ» ከተባለ ሰውዬው መሐል መንገድ ላይ ሳለ ታይቷል፤ መጨረሱ አይታወቅም። «አይ ሶው ሂም ክሮስ» ከተባለ ከዳር እስከ ዳር ሲሻገር ታይቷል። አማርኛው ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ ተርጓሚው ከመጻፉ በፊት ምስክሩን ራሱን መልሶ መጠየቅ አለበት።