የኩራዝ ክርና የፀሐይ ሰሌዳ፦ የገጠር ቤት ብርሃን ታሪክ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የገጠር ቤት ለረጅም ዘመን ያመሸው በምድጃ እሳት፣ አልፎ አልፎም በጧፍ፣ ማለትም በሰም በተነከረ የጥጥ ፈትል ሲሆን፣ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የሚባለው ነዳጅ ከባሕር ማዶ መግባት ከጀመረ በኋላ ግን ኩራዝ ቦታቸውን እየያዘ መጣ። ኩራዝ ከባዶ ቆርቆሮ ወይም ከጠርሙስ ተሠርቶ፣ በክዳኑ ቀዳዳ የጥጥ ክር የሚወጣለት፣ ክሩም ጋዙን ወደ ላይ እየሳበ የሚነድ ትንሽ መብራት ነው። ቆርቆሮ ሠሪው በገበያ ይሠራዋል፣ ክሩ በቤት ይፈተላል፣ ሲበላሽም መላ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጋዙ ግን ከነጋዴ እየተለካ የሚገዛ በመሆኑ፣ ዋጋው በናረና አቅርቦቱ በተቋረጠ ቁጥር ቤቱ በጊዜ ይጨልማል። ስለዚህ ኩራዝ አካሉ የአገር፣ ምግቡ ግን የባዕድ ነበረ፤ ግድግዳ የሚያጠቁረውና ዓይን የሚያቃጥለው ጭሱም ቤተሰቡ ከጋዙ ዋጋ በላይ የሚከፍለው ሌላ ዕዳ ነበር።

የኤሌክትሪክ ኃይል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቢጀመርም፣ ከዚያም በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ቢሠራና በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ቢቋቋም፣ ሽቦው የተከተለው ከተሞችንና ዋና መንገዶችን ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። የደጋው ገበሬ ቤቱን በማሳው ዳር፣ ከጎረቤቱ ተራርቆ የሚሠራ በመሆኑና አገሩም በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ለአንድ ጎጆ ምሰሶ ተክሎ ሽቦ የመዘርጋት ወጪ፣ ጎጆው በሚጠቀማት ጥቂት ኃይል የሚመለስ አልነበረም። መብራት የሚለው ቃል በከተሜው አፍ የኤሌክትሪክ ስም ሆኖ ሲቀር፣ ለገጠሬው ግን ቃሉ ያው ኩራዙን ሲያመለክት ኖረ።

ሽቦ የማይሻው ብርሃን መነሻው ከቤት በጣም የራቀ ነው። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ እንደሚችል ካስተዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1954 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሦስት ተመራማሪዎች ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊከን ሴል ሠሩ። ሲሊከን ከአሸዋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነም፣ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት በተለምዶ 36 ሴሎች ተያይዘው አንድ ሰሌዳ ይሆናሉ። ዋጋው እጅግ ውድ ስለነበረ በመጀመሪያ ያገለገለው ሳተላይትን ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያም ሲገባ ቀድሞ የበቃው ለጎጆ ሳይሆን ከከተማ ርቀው ለተተከሉ የቴሌኮሙኒኬሽን ጣቢያዎች ነበር።

የገጠር ቤቶችን በፀሐይ ኃይል ለማብራት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች ዋናው በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚቶ የተካሄደው ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1985 የተተከለው 10.5 ኪሎዋት ማመንጫ፣ በጋራ መስመር ወደ 300 ለሚጠጉ ቤቶች ብርሃን ሲያደርስ፣ በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የሚቶ አሠራር ማመንጫውን በአንድ ቦታ አከማችቶ በሽቦ የሚያከፋፍል በመሆኑ የከተማው ሥርዓት ታናሽ ወንድም ነበር፤ ቤተሰቡ ብርሃኑን ተቀበለ እንጂ የብርሃኑን ምንጭ አልያዘም።

ምንጩን ወደ ጣሪያው ያወረደው፣ ከሰሌዳው መርከስ ባልተናነሰ፣ ኤልኢዲ የተባለው ትንሽ ኃይል የሚበቃው አምፖል መምጣት ነው። ስሌቱ ይህን በግልጽ ያሳያል። ባለ 10 ዋት ሰሌዳ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 50 ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ በባትሪና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ በሚተርፈው 40 ዋት ሰዓት፣ ባለ 2 ዋት የሆኑ 4 ኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ይበራሉ፤ ባለ 40 ዋት የቀድሞው አምፖል ግን ይህንኑ በ1 ሰዓት ይጨርሰዋል። እንግዲህ የቤት ሶላር የሚባለው ይህ ሰሌዳ፣ ኃይሉን ለሌሊት የሚያቆይ ባትሪ፣ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይሟጠጥ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም አምፖሎቹ ናቸው። ከእነዚህ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው፤ በተለይ እርሳስና አሲድ ያለበት ባትሪ በየሌሊቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል።

በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ለታሪኩ ልዩ ስፍራ ያላት ይህን ድካም አስቀድማ ስላሰበችበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከአንድ ሺህ በሚበልጡ የአካባቢው ቤቶች ሶላር ሲተክል፣ የጥገና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው መንደሩ ውስጥ ከፈተ፤ ለጥገና የሚውል ወርሃዊ ክፍያም ተደነገገ። በዚህም ሰሌዳው ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱም ወደ መንደር ገባ።

በ2019 እ.ኤ.አ. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም፣ በ2025 ሁሉንም ለማዳረስ ሲያቅድ 35 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ ላሉ አማራጮች መመደቡ፣ ሶላር ከሙከራ ወደ አገር ውጥን መሸጋገሩን ያሳያል። ነገር ግን የኩራዝ ታሪክ እዚህ ላይ ተገልብጦ ይታያል፤ የሶላር ምግቡ ማንም የማይሸጠው የአገር ፀሐይ ሲሆን፣ አካሉ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ኩራዝ የጋዙን ነጋዴ እንዳስጠበቀ ሁሉ፣ ጠጋኝ የሌለው ሶላርም ለባትሪ ደጅ ያስጠናል። ስለዚህ የገጠሩ ቤት በብርሃኑ ራሱን ቻለ የሚባለው ሰሌዳው ጣሪያው ላይ የወጣ ዕለት ሳይሆን፣ የተበላሸውን መቆጣጠሪያ የሚፈታና የሚገጥም ሰው፣ እንደ ቆርቆሮ ሠሪው ሁሉ፣ በቅርቡ ገበያ የተገኘ ዕለት ነው።