የንግድ ሕግ አሳይመንት፦ ምንጭ አጠቃቀምና አካዳሚያዊ ታማኝነት

የንግድ ሕግ አሳይመንት በአንድ የንግድ ጉዳይ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል አጣርቶ፣ ጉዳዩን ከሕጉ ጋር አገናዝቦ፣ የተደረሰበትን በምንጭ አስደግፎ የማቅረብ የጽሑፍ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሕግ ተማሪዎች ሌላ የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎችም ይሠሩታል። አቀራረቡ የፍርድ ቤትን የውሳኔ አጻጻፍ ይመስላል፤ ፍሬ ነገሩ ይዘረዘራል፣ ጭብጡ ይለያል፣ አግባብነት ያለው ድንጋጌ ይጠቀሳል፣ ከዚያም ድንጋጌው ለተያዘው ጉዳይ የሚሰጠው ውጤት ይተነተናል። አካዳሚያዊ ታማኝነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሌላውን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ አለማቅረብን ነው። ለሕግ ጽሑፍ ግን ይህ አይበቃም። «ውሉ አይጸናም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጉልበት የሚያገኘው ከጀርባው ካለው ድንጋጌ ወይም ፍርድ ነው፤ ያ ካልተጠቀሰ ወይም በስሕተት ከተጠቀሰ የሚቀረው የጸሐፊው ግምት ነው። ስለዚህ በዚህ መስክ ምንጭ መጥቀስ ለደራሲው የሚሰጥ ክብር ከመሆኑ በፊት የማስረጃው አካል ነው፤ ታማኝነቱም የሚለካው አንባቢ የተጠቀሰውን ቦታ ገልጦ የተባለውን ነገር እዚያው ሲያገኘው ነው።

የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ታሪክ ራሱ ይህን ያስረዳል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ዣን ኤስካራ ማርቀቅ ጀምሮት፣ እሱ ከሞተ በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸመው ነው። ከ60 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ወጣ። አሮጌው ሕግ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሻረም። አዲሱ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበሩትን ክፍሎች ሲተካ፣ ማጓጓዝንና ኢንሹራንስን የሚመለከተው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ እንዲሁም ቼክን የመሳሰሉ የንግድ ወረቀቶችንና የባንክ ሥራን የሚመለከተው አራተኛው መጽሐፍ በቦታቸው ቀርተዋል። እንግዲህ «በንግድ ሕጉ መሠረት» ብሎ ያለፈ ተማሪ የትኛውን ሕግ ማለቱ ነው? ስንቅ ስለሌለው ቼክ ከሆነ የ1952ቱን፣ ስለ አክሲዮን ማኅበር ከሆነ የ2013ቱን ማለት ይኖርበታል። ልዩነቱ መልስ ይለውጣል። በአሮጌው ሕግ አንቀጽ 510 ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ2 ያላነሱ፣ ከ50 ያልበለጡ አባላት ያስፈልጉት ነበር፤ በአዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ከ2013 በፊት ከታተመ መማሪያ መጽሐፍ የአባላቱን ቁጥር በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ፣ ደራሲውንና ገጹን ጽፎ ያቀረበ ተማሪ ከማንም አልሰረቀም። ዛሬ ለሚቋቋም ማኅበር መልስ አድርጎ ካቀረበው ግን አንባቢውን አሳስቷል። ካለፈው ባች የተረፈ አሳይመንት ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሲቀርብም ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በዚሁ ነው፤ ሕጉ ተለውጦ አሳይመንቱ አልተለወጠም።

አንድን አዋጅ በትክክል መጥቀስ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እዚህም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ። አዲሱ የንግድ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛ ዓምድ ላይ ቁጥሩ 1243/2013፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ 1243/2021 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ «1243/2021 ዓ.ም.» ብሎ ማደባለቅ ግን የሌለ አዋጅ መፍጠር ነው። ከዚህ የሚከብደው የዓምድ ምርጫው ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ አማርኛው የበላይ እንደሚሆን ደንግጓል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙ ተማሪ የሚያነበው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው፤ የሚገዛው ጽሑፍ እዚያው ገጽ ላይ በአጠገቡ ታትሞ ሳለ። ክርክሩ በአንድ ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ አማርኛውን ሳያዩ መጻፍ ምንጩን በከፊል ብቻ እንደማንበብ ነው።

ከአዋጆች ቀጥሎ የሚመጣው የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደረገ፤ ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም በዚያው ተመለከተ። ከዚህ ወዲህ የሕጉን አንቀጽ ብቻ የጠቀሰ ጽሑፍ ጎደሎ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት የተጻፈው ለማስረጃ ነው ወይስ ውሉ እንዲጸና? የሚለው ክርክር በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 ታይቶ ችሎቱ ሁለተኛውን አቋም ያዘ። ስለ ቤት ሽያጭ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም፤ ካነሳውም ከዚያ ፍርድ በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎችን መፈተሽ አለበት። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ ሲታተሙ በማውጫቸው ላይ የፍርዱ ፍሬ ሐሳብ በጥቂት መስመሮች ይቀመጣል። ያንን መስመር ብቻ አንብቦ ፍርዱን በሙሉ እንዳነበቡ አድርጎ መጥቀስ የተለመደ ነው፤ በእኔ ግምት ከኮፒ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። የፍርዱ ምክንያት፣ የጉዳዩ ልዩ ሁኔታና የልዩነት ሐሳብ ካለም እሱ የሚገኙት ውስጡ ነው። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ያገኙትን ፍርድ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብሎ ማቅረብ አያሳፍርም፤ ያላነበቡትን እንዳነበቡ አድርጎ መጻፍ ግን ውሸት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ሕግ የሕዝብ ነው፣ ማንም ቢገለብጠው ምን ያስጠይቃል የሚል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 የሕግ፣ የአስተዳደርና መሰል ይፋዊ ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጪ ያደርጋል፤ የአዋጅ አንቀጽ መገልበጥ የማንንም መብት አይነካም። የመጽሐፍና የጆርናል ጽሑፍ ግን ይጠበቃል፤ አንቀጽ 10 ጥቅስን የሚፈቅደው ከዓላማው በላይ እስካልሄደና ምንጩና የደራሲው ስም እስከተገለጸ ድረስ ነው። ነገር ግን የተቃውሞው ዋና ድክመት የቅጂ መብትንና የአካዳሚ ታማኝነትን አንድ ማድረጉ ነው። አዋጅ ያለ አንቀጽ ቁጥር የገለበጠ ተማሪ ባለመብት አልጎዳም፤ የሕግ አውጪውን ቃል የራሱ ማብራሪያ አስመስሎ ግን አቅርቧል፤ አስተማሪውም የሚያርመው የማንን ሐሳብ እንደሆነ አያውቅም።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ተማሪ የሕግን ቃል በራሱ አገላለጽ ለውጥ ሲባል ትርጉሙን ሊያዛባ ይችላል፤ ሕግ ደግሞ «ይችላል» እና «አለበት» ሲቀያየሩ ሌላ ሕግ የሚሆንበት መስክ ነው። ስጋቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን በመጥቀስ ሥርዓቱ ውስጥ ይገኛል። የድንጋጌው ወሳኝ ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ እንዳለ ይገባል፣ አንቀጹና ንዑስ አንቀጹ ይጻፋል፣ የተማሪው ሥራ የሚጀምረው ሐረጉ ለተያዘው ፍሬ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሲያስረዳ ነው። የሕግ አሳይመንት ነጥብ የሚሰጠውም ለዚህ ማዛመድ ነው። የግርጌ ማስታወሻው ቅርጽ፣ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ብሉቡክም ሆነ የኦክስፎርዱ ኦስኮላ፣ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ትምህርት ክፍሉ የመረጠውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቀላቅሉ መከተል ይበቃል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ያልነበረ ምንጭ መጥቀስ ቀላል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት «ማታ ከአቪያንካ» በተባለው ክርክር ጠበቆች ከቻትጂፒቲ ያገኟቸውን ስድስት የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው በመቅረባቸው ዳኛ ኬቪን ካስቴል 5,000 ዶላር ቀጥተዋቸዋል። ፍርዶቹ ስምና ቁጥር ነበራቸው፤ የሌላቸው መዝገብ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚተማመኑባቸው እንደ ተርኒቲን ያሉ መሣሪያዎች ይህን አይደርሱበትም፤ በዋናነት የሚለኩት ጽሑፉ ቀድሞ ከነበሩ ጽሑፎች ጋር ያለውን መመሳሰል ነው። ስለዚህ አዋጁን በትእምርተ ጥቅስ በትክክል ያስገባ ተማሪ የመመሳሰል መቶኛው ከፍ ሊልበት ይችላል፤ ፍርድ ፈጥሮ የጠቀሰው ደግሞ በዚህ መለኪያ ንጹሕ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። አስተማሪ ከመቶኛው ይልቅ ሁለት ሦስት የግርጌ ማስታወሻዎችን መርጦ ነጋሪት ጋዜጣውንና የሰበር ቅጹን ቢገልጥ፣ ተማሪውንም ስለነዚያ ፍርዶች በቃል ቢጠይቀው፣ ብዙ ሳይደክም የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።